ዛሬ ስንት ሰው ተያዘ? ከስንቱ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸውን እናታቸውን የሚጦሩ ሴት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«በኮሮና ጊዜ የጤና ሚኒስቴርን ዕለታዊ መግለጫ አንድ ቀን ሳላሳልፍ እከታተል ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ይወርዳል፣ በነጋታው ሽቅብ ይወጣል። ባለቤቴ ‹አቦ ተይው፣ ውሸት ነው› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹እውነተኛውን ደብቀውን ነው› ትላለች። አሁንም ደንጊ ገባ፣ ወባ ጨመረ፣ ቺኩንጉንያ ተመለሰ በተባለ ቁጥር ቴሌግራም ላይ አሃዝ ይዘንባል። እኔ የሕክምና ትምህርት የለኝም። እንደኔ ያለ ሰው ቁጥሩን እንዴት ነው የሚያነበው? እናቴን ለቅሶ ቤት ልውሰዳት ወይስ ትቅር ብዬ የምወስነውስ በየትኛው ቁጥር ነው?»

እህቴ፣ ባለቤትዎና ጎረቤትዎ የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ የተነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው። ሁለቱም መግለጫው የታመመውን ሰው ሁሉ መቁጠር አለበት ብለው ያስባሉ። አይቆጥርም። በየትኛውም አገር ቆጥሮ አያውቅም። የሚቆጥረው ታሞ፣ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ፣ ናሙና ተወስዶለት፣ ውጤቱ ደርሶ፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ የተላከለትን ሰው ነው። በየደረጃው የሚቀር ሰው አለ። እኔ ሥራዬ ሐረር ነው፤ ከየጤና ጣቢያው የሚላከውን የበሽታ ቅኝት ሪፖርት ማየት ነው። አዲስ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት?» ብዬ አይደለም። «ማን ተቆጠረ? ከስንቱ ውስጥ?» ነው የምለው። እርስዎም ከዚህ ይጀምሩ።

የዕለቱ መግለጫ እንዴት ይጀምር እንደነበር ያስታውሱታል። ባለፉት 24 ሰዓታት ለይህን ያህል ሰዎች የላብራቶሪ ምርመራ ተደርጎ ይህን ያህሉ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል ይል ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ። ሰው እየተቀባበለ ያወራው ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከሁለቱ ግን የበለጠ የሚያስረዳን የመጀመሪያው ነበር።

ለምሳሌ ያህል ሰኞ 4,000 ሰው ተመርምሮ 200 ተገኘበት እንበል። ማክሰኞ 1,000 ሰው ተመርምሮ 120 ተገኘበት። ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ያየ «ተመስገን፣ ወረደ» ይላል። ሰኞ ግን ከ100 ተመርማሪ 5 ነበር የተገኘበት፤ ማክሰኞ 12 ሆኗል። በሽታው ጨምሯል፣ የቀነሰው ምርመራው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ለአገሮች ያወጣው አንዱ መለኪያም ይኸው ነበር። እንቅስቃሴ ከመከፈቱ በፊት ከተመረመሩት መካከል የሚገኝበት ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል ከ5 በመቶ በታች ይሁን የሚል ነው። ማካፈል የሚችል ስልክ በእጅዎ አለ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለው በ100 ማባዛት ብቻ ነው።

ይህም ቢሆን ራሱን ችሎ አይቆምም። ማን እንደተመረመረ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ውጭ አገር የሚበር ጤነኛ መንገደኛ ለወረቀቱ ሲል በብዛት ከተመረመረ መቶኛው ይወርዳል። ትንፋሽ ያጠረው ብቻ ከተመረመረ ከፍ ይላል። ድሬዳዋን ራሷን ይውሰዱ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከጅቡቲ የተመለሱ ወገኖች ከተማዋ ገብተው በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለይቶ ማቆያ ነበሩ፤ ምርመራውም እነሱ ላይ በርትቶ ነበር። በዚያ ሰሞን የከተማዋ ስም መግለጫው ላይ በተነሳ ቁጥር «ድሬ አለቀላት» የሚል ወሬ ይነዛ ነበር። ቫይረሱ የተገኘው ግን በተፈለገበት ቦታ ነው። ያልተፈለገበት ሰፈር ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም ነበር፤ ማንም አላየውማ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የምርመራ ዘመቻ ሲጀመርም ቁጥሩ አሻቀበ። ከጭማሪው የተወሰነው የበሽታው ነው፣ የተወሰነው ደግሞ የዘመቻው።

ምን ያህል ሰው ሳይቆጠር እንደሚያልፍ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ነገር ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በአገሪቱ በምርመራ የተመዘገበው ሰው ጠቅላላ ድምር ገና ከ200 ሺህ በታች ነበር። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባና ጅማ ባሉ ሁለት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ደማቸው ሲታይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀድሞ በቫይረሱ መያዛቸውን የሚያሳይ አሻራ ተገኝቶባቸዋል። የሆስፒታል ሠራተኛ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፤ ስለዚህ ይህን ወስደን ለአገሩ ሁሉ ማባዛት የለብንም። ግን የተመዘገበው ቁጥር ከእውነተኛው ምን ያህል እንደሚርቅ በደንብ ያሳያል። ውሸት ነው ብሎ መተው ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጎደሎ ቁጥር ጎደሎነቱ ሳይለዋወጥ ከቀጠለ፣ መውጣት መውረዱን በታማኝነት ይናገራል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኦሚክሮን ሲገባ በሳምንታት ውስጥ በቀን ከመቶዎች ወደ ሺዎች የዘለለው ያው ጎደሎ ቁጥር ነበር። ማዕበሉን ግን በትክክል አሳይቷል።

ሰው ብዙ የማያስተውለው ሌላ ነገር የቆጠራ መስፈርት ነው። «ታማሚ» ማለት ማን ነው? በየካቲት 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቻይናዋ ሁቤ ግዛት በአንድ ቀን ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ አዲስ ታማሚ አስመዘገበች። ዓለም ደነገጠ። በዚያች ሌሊት የተለየ ነገር አልተፈጠረም። እስከዚያ ቀን የሚቆጠረው በላብራቶሪ የተረጋገጠው ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪም የሳንባውን ምስል አይቶ የወሰነውም ይቆጠር ተባለ። ሲጠባበቅ የነበረው ሁሉ በአንድ ቀን ገባ።

የከተማዎ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ሲገባ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ተቆጠረ። የከተማ አስተዳደሩ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው ብንል ከ12 ሰው አንዱ ማለት ነው። እነዚህ ግን በአብዛኛው «የተጠረጠሩ» ናቸው። ድንገተኛ ትኩሳትና ብርቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት የመጣ ሁሉ ይመዘገባል፤ ናሙና ተወስዶ በላብራቶሪ የሚረጋገጠው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው። ይህ ነውር የለበትም። ወረርሽኙ ምን እንደሆነ አንዴ ከታወቀ ለእያንዳንዱ ትኩሳት ላብራቶሪ ማባከን አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ቻናል «40 ሺህ ታማሚ» ሲል ሌላው የተረጋገጠውን ጥቂት ቁጥር ይዞ «ጉድ ነው፣ አጋነኑት» ሲል ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥር ይዘው ይጣላሉ። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ «የተጠረጠሩ» ወይም «የተረጋገጡ» የሚል ቃል ከሌለ ቁጥሩን ለሌላ ሰው አያስተላልፉት።

ታዲያ እውነተኛ ጭማሪን ከቆጠራ ጭማሪ በምን እንለያለን? ወባ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ ድሬዳዋ ላይ የተመዘገበው ወባ 205 ነበር። በ2022 በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ 2,400 ገደማ ሆነ። ምርመራ ስለበዛ ነው እንዳንል፣ ጊዜው ወባ የሚቀንስበት ደረቅ ወቅት ነው። ባለሙያዎች ታማሚዎቹ ቤት ድረስ ሄደው ሲያዩ ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ትንኝ አገኙ። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ በበርሜልና በሮቶ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ማስረጃዎቹ ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው አንድ ቦታ ተገናኙ። እንዲህ ሲሆን ጭማሪው እውነት ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን ዘሎ፣ የሆስፒታሉ አልጋም፣ የምርመራው መቶኛም፣ የአጎራባች ወረዳዎች ሪፖርትም ካልተንቀሳቀሱ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆጠራው ነው።

የቀን ቁጥር መውጣት መውረዱን ብዙም አያሳድዱት። ቅዳሜና እሑድ፣ ፋሲካና አረፋ ላይ የሚመረመረው ሰው ይቀንሳል፣ ሪፖርት ይዘገያል፣ ከበዓል በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል። የሰባት ቀኑን ደምረው ካለፈው ሳምንት ሰባት ቀን ጋር ያነጻጽሩ። የአገራችን የበሽታ ቅኝት ራሱ ከሰኞ እስከ እሑድ በሳምንት ነው የሚሠራው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ በጣም የምጠነቀቅለት ነገር አለ፤ ዜሮና ባዶ። አንድ ጤና ኬላ «በዚህ ሳምንት ታማሚ የለም» ብሎ ዜሮ ሲልክ ዜና ነው፤ ተፈልጎ አልተገኘም ማለት ነው። ምንም ሳይልክ ሲቀር ግን ዜሮ አይባልም። ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል፣ ባለሙያዋ ራሷ ታማ ይሆናል። ጠቅላላ ድምር ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። እንዲያውም ወረርሽኝ የበረታበት ወረዳ ሠራተኛው በሕክምና ሲጠመድ ሪፖርቱ ይቀንሳል፤ ካርታው ላይም ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «በዚህ ሳምንት ከጤና ተቋማቱ ስንቱ ሪፖርት ልከዋል?» ብሎ መጠየቅ ለተራ ሰውም ይፈቀዳል፤ መልሱም ሪፖርቱ ላይ በመቶኛ የሚጻፍ ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው «በ300 ፐርሰንት ጨመረ» ደግሞ አለ። 2 ሰው ወደ 8 ሲሄድም 300 በመቶ ነው፤ 2,000 ወደ 8,000 ሲሄድም እንዲሁ። ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ያልነገረዎትን ፖስት ይዝለሉት። ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ግን አይናቁት። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ኮሮና የተገኘበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሚታየው ፍጥነቱ ነው። ቁጥሩ በስንት ቀን እጥፍ ይሆናል? በየሳምንቱ እጥፍ የሚሆን 10 ሰው በአምስት ሳምንት 320 ይሆናል፣ በአሥር ሳምንት ከ10 ሺህ ያልፋል። እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ከሳምንት ወደ ሦስት ሳምንት ከረዘመ ቁጥሩ ገና እየጨመረም ቢሆን ነገሩ እየረገበ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ። «በየትኛው ቁጥር ልወስን?» ላሉት ቀጥተኛ መልስ፣ መጀመሪያ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ይለዩ። ደንጊ፣ ቺኩንጉንያና ወባ ከሆነ ለቅሶ ቤት የተሰበሰበው ሰው ብዛት አያሳስብዎ። የሚጠቅምዎ ቁጥር የቀበሌዎ ቁጥር ነው፤ የሚያስፈልገውም የበርሜሉን ክዳን መግጠም ነው። የደንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝ ቀን ቀን ስለምትናከስ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም። በትንፋሽ የሚተላለፍ ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ይህን አብረን እንሥራው።

በዚህ ሳምንት ድሬዳዋ ላይ 250 ሰው ተገኘበት ተባለ እንበል። ከግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ከ2,000 አንዱ ነው። ለቅሶው ላይ 60 ሰው ቢኖር ከመካከላቸው ቢያንስ አንድ የተያዘ የመኖሩ ዕድል ከ100 ወደ 3 ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ከተያዘው አሥር ሰው የሚመረመረው አንዱ ብቻ ነው ብለን እንገምት። ከ200 አንዱ ሆነ። ያው 60 ሰው ውስጥ አንድ የተያዘ የመኖሩ ዕድል ወደ 26 ከመቶ ይወጣል። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ መግለጫውም ያው ነው፤ የተለወጠው ስለ ቆጠራው ያለን ግምት ብቻ ነው። እናትዎ በዕድሜ የገፉና ስኳር ያለባቸው ስለሆኑ እኔ ብሆን ሁልጊዜ በከባዱ ግምት ነው የምሠራው። መቶኛው ከ5 በላይ ከሆነና ሳምንታዊው ድምር እየጨመረ ከሆነ ሳሎን ውስጥ ከተጨናነቀው ሰው ጋር ባይቀመጡ ጥሩ ነው። ጎኑ በተከፈተ ድንኳን ሥር፣ ጭምብል አድርገው፣ ለጥቂት ደቂቃ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ይመለሱ። ለቅሶ መቅረት እኛ አገር ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው «አትሂዱ» ብዬ የማልዘጋው።

የሟቾች ቁጥር ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የመጨረሻው እውነት እሱ ነው ብሎ ስለሚያስብ። ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ይዘገያል። ዛሬ ያረፈው ሰው በአብዛኛው የተያዘው ከሦስት ሳምንት በፊት ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ማዕበሉ መውረድ ከጀመረ በኋላም ሞት ለሳምንታት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ከተመዘገቡት ታማሚዎች ላይ ሟቾችን አካፍለው «በሽታው ይህን ያህል በመቶ ይገድላል» አይበሉ። በአገራችን እስከ መጨረሻው የተመዘገበው ግማሽ ሚሊዮን የኮሮና ታማሚና 7,500 ገደማ ሟች ነው። ሲካፈል 1.5 በመቶ ይወጣል። ላዩም ታቹም ግን ጎደሎ ነው፤ ያልተመረመረ ታማሚ አለ፣ ቤቱ ያረፈና ያልተመዘገበም አለ። አገራችን የሞት ምዝገባን በአዋጅ መሠረት በመላ አገሪቱ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት የሚያወጣው ለውርስ ወይም ለጡረታ ጉዳይ ሲፈልገው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፔሩ በግንቦት 2013 ዓ.ም. መዝገቧን ከልሳ የሟቾቿን ቁጥር በአንድ ጊዜ ከ69 ሺህ ወደ 180 ሺህ አሳደገችው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. 2020 እና 2021 ላይ አገሮች ያስመዘገቡት ሞት 5.4 ሚሊዮን ሆኖ ሳለ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን ነው ሲል ገምቷል። የተሠራበት መንገድ ቀላል ሐሳብ ነው። ወረርሽኝ ባይኖር በዚህ ወር ስንት ሰው ይሞት ነበር? ስንት ሞተ? ልዩነቱ የወረርሽኙ ድርሻ ነው፤ ሰውየው በቫይረሱም ይሙት፣ ሆስፒታሉ ሞልቶ በሌላ ሕመም ይሙት። ይህን ለማስላት ደግሞ የተለመደውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቀርሳ ወረዳ ላይ፣ በኋላም ሐረር ከተማ ላይ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት የሚመዘግበው ለዚህ ነው። መዝጋቢዎቹ ቤተሰቡን ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ፤ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? ትንፋሽ ያጥረው ነበር? ቤቱ ያረፈ ሰው ያለ ሆስፒታል ወረቀት የሚቆጠረው እንዲህ ነው።

ለእርስዎ ደግሞ የበለጠ ቅርብ የሆነ መዝገብ አለ፤ የእድርዎ። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር የሆነው አፎሻም እንዲሁ ነው። እድር አባሉን በስም ያውቃል፣ ቀብር ሲኖር ገንዘብ ስለሚያወጣ ቀኑ ይጻፋል። «ከስንቱ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው የሰፈር መዝገብ ከዚህ ሌላ አላውቅም። 200 አባወራ ያለው እድር አምስት አምስት ሰው ቢኖረው 1,000 ሰው ነው። ባገራችን ልክ ከ1,000 ሰው በዓመት 6 ገደማ ያርፋል፤ በሁለት ወር አንድ ቀብር ማለት ነው። በአንድ ወር ሦስት ቀብር ሲደርስ ሰፈሩ ይደነግጣል፤ ግን ያለምንም ወረርሽኝ በአጋጣሚም ይደርሳል። እንዲህ ያለ 100 እድር ባለበት ከተማ በየወሩ አንዱ ላይ ቢደርስ አይገርምም። ያ እድር የእርስዎ ከሆነ ግን ዓለም ያለቀ ይመስላል። አሥር እድር አንድ ላይ ሲታይ ነገሩ ይጠራል። በወር 5 ቀብር ይጠበቃል፤ 15 ከሆነ አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም፣ የዚያኑ ቀን ለጤና ጣቢያው መንገር ይገባል።

የእድራችሁን ጸሐፊ የአምስት ዓመቱን መዝገብ ይጠይቋቸው። በየወሩ ስንት ቀብር እንደነበር በአንድ ገጽ ላይ ይውጣ። ከአሁን በኋላ ደግሞ ከስምና ከቀኑ ጎን ሁለት ነገር ይጨመር፤ የሟቹ ዕድሜና ያረፈው ቤቱ ይሁን ሆስፒታል። ከዚያ የአጎራባቾቹን እድሮች ጸሐፊዎች አነጋግረው መዝገቡን በየወሩ አንድ ላይ ቢያዩት፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ብትኖርበት ጥሩ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያው የምታደርሰው እሷ ናት።